የመሐንዲስ ሐሳብ ከወዴት ይመነጫል?

የታመመ ሰው የሚተኛበት አልጋ ከፍታው ምን ያህል መሆን ይገባዋል ተብሎ የተጠየቀ አናጢ፣ ነገሩ እጅግ ቀላል መስሎ ስለሚታየው፣ እጁን ከመሬት ከፍ አድርጎ «ይህን ያህል» ብሎ ወዲያው ሊያሳይ ይችላል። ጥያቄው ለበሽተኛውና ለአስታማሚዋ በየተራ የቀረበ እንደ ሆነ ግን መልሱ ሁለት ይሆናል፤ በሽተኛው እግሩ መሬት ነክቶለት ያለ ደጋፊ ተነሥቶ ለመቆም አልጋው ዝቅ እንዲልለት ሲሻ፣ ቁስል የምታጥበውና አንሶላ የምትለውጠው ነርስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስታጎነብስ ወገቧ እንዳይጎዳ ከፍ እንዲልላት ትፈልጋለች። በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የነበሩት አልጋዎች አብዛኞቹ ከፍታቸው የማይለወጥ ስለ ነበር፣ ከሁለቱ አንዱ ዘወትር ይጎዳ ነበር፤ እያንዳንዱም ሆስፒታል በየራሱ ምርጫ ሲያዝዝ የኖረ በመሆኑ የአልጋው ዓይነት ቁጥር ስፍር አልነበረውም።

ይህን ጉዳይ ከሌሎች ሦስት ጉዳዮች ጋር እንዲመረምር የተመረጠው ብሩስ አርቸር የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። አርቸር ቀደም ብሎ በጀርመን አገር በኡልም ከተማ በነበረው ስመ ጥር የንድፍ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሲሆን፣ ወደ ለንደን ከተመለሰ በኋላ በሮያል ኮሌጅ ኦቭ አርት ውስጥ ሆኖ፣ ኑፊልድ ፋውንዴሽን ከሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በተገኘ ገንዘብ ምርምሩን ጀመረ። ከአልጋው ሌላ የቀረቡለት ጥያቄዎች፣ ከቁስል ላይ የተነሣ ፋሻ የሚጣልበት ዕቃ ምን ዓይነት ይሁን፣ ለበሽተኞች መድኃኒት ሲታደል የሚደርሰው ስሕተት በምን ይቀነስ፣ የእሳት ጢስ ከክፍል ወደ ክፍል እንዳይዘልቅ ተዘግተው እንዲቆዩ የታዘዙት በሮች ዘወትር ተከፍተውና በአንድ ነገር ተደግፈው እንዳይገኙ ምን ይደረግ የሚሉ ነበሩ።

በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ጥፋቱ በሩን ከፍተው የሚተዉት የሠራተኞቹ ነው ብሎ የሚያምን አለቃ ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ ይቈጣል፣ ደመወዝም ይቀጣ ይሆናል፤ ጥፋቱ የበሩ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ግን በዚያ በር በየጊዜው በሽተኛ የተኛበት አልጋና ምግብ የተጫነበት ጋሪ ሲገፋ እንደሚያልፍ አይቶ፣ በሁለት እጁ ጋሪ የያዘ ሰው በምን እጁ በር ይከፍታል ብሎ ይጠይቃል። ዛሬ በብዙ ትላልቅ ሕንፃዎች ውስጥ በሩን ከፍቶ የሚይዝና የእሳት ደወል ሲደወል ብቻ የሚለቅ መግነጢስ የሚታየው፣ ከዚህ ከሁለተኛው ጥያቄ የመጣ ነው። ከመጀመሪያው ጥያቄ የመጣው ማስታወቂያም አሁን ድረስ በየግድግዳው ይታያል።

የአርቸር የመጀመሪያ ዓመት ሪፖርት ገንዘብ ሰጪዎቹን ደስ ስላላሰኘ ርዳታው ተቋረጠ። ሥራው ግን ፈጽሞ አልቀረም፤ ኪንግ ኤድዋርድስ ሆስፒታል ፈንድ ፎር ለንደን የተባለው ድርጅት የአልጋውን ጉዳይ በራሱ ወጪ አነሣውና፣ አርቸርና ባልደረቦቹ ምርምራቸውን እንደገና ጀመሩ። ከሁሉ አስቀድመው ያደረጉት ነገር ለብዙ ሰው እንግዳ ነበር፤ እርሳስ አንሥተው አልጋ በመሳል ፋንታ፣ በአልጋው ላይና በአልጋው ዙሪያ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ፣ ማን ከየትኛው ወገን ቆሞ ምን እንደሚያደርግ፣ ማን እንደሚያነሣና ማን እንደሚገፋ፣ ማን እንደሚያጥብና ማን እንደሚጠግን በዝርዝር ለመጻፍ ተነሡ። ስለ አረጋውያን በሽተኞች አያያዝ አስቀድማ ያጠናችው ነርስ ዶሪን ኖርተን በሥራው ገባች፤ ንድፉን ከአርቸር ባልደረቦች አንዱ የሆነው ኬኔት አግኒው ሠራው፤ ናሙናዎቹም በለንደን አጠገብ በኤንፊልድ በሚገኘው በቼዝ ፋርም ሆስፒታል እውነተኛ በሽተኞች ተኝተውባቸው ተፈተኑ።

በዚህ መንገድ የተገኘው አልጋ ነርሷ ፔዳል በእግሯ ረግጣ ከፍ ዝቅ የምታደርገው፣ የራስጌው ሰሌዳ በቶሎ ተነቅሎ ሐኪም በበሽተኛው ራስ በኩል ቆሞ ሊረዳው የሚችልበት፣ መንኰራኵሩ ፍሬን ያለው አልጋ ነበር። በ1967 የወጣው ሰነድ ደግሞ ከአልጋው ሥዕል ይልቅ አልጋው ማድረግ የሚገባውን ነገር የሚዘረዝር በመሆኑ፣ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች በዚያ መመዘኛ እየሠሩ ለብሔራዊው የጤና አገልግሎት ማቅረብ ቻሉ፤ አልጋውም በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የታወቀው የሆስፒታል አልጋ ሆኖ ኖረ። ዛሬ በየትኛውም አገር ሆስፒታል ገብቶ ነርስ በእግሯ ረግጣ አልጋ ስታነሣ የሚያይ ሰው ነገሩ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስለዋል።

አርቸር ከዚህ ሥራ ጋር አያይዞ በ1965 ባወጣው መጽሐፍ፣ አንድ ንድፍ ከመጀመሪያው ትእዛዝ ተነሥቶ እስኪፈጸም ድረስ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ከሁለት መቶ በላይ አድርጎ ቈጥሯቸዋል። ይህን የሚያህል ዝርዝር ያየ ባለሙያ ሁሉ እንደማይከተለው የታወቀ ነው፤ እኔም ቢሆን አርቸርን ታላቅ ያሰኘው የዝርዝሩ ርዝመት ነው አልልም። ከዝርዝሩ ይልቅ የሚበልጠው፣ የንድፍ ባለሙያ ሐሳቡን ከልቡናው አውጥቶ ነርሷም፣ አናጢውም፣ ገንዘብ ሰጪውም አይተው ሊከራከሩበት በሚችሉበት ቦታ ላይ እንዲያኖር ማስገደዱ ነው። በሊቅ ልብ ውስጥ ብቻ ያለ ሐሳብ ይደነቅ ይሆናል እንጂ አይታረምም።

አርቸር በዚህ ሐሳብ ብቻውን አልነበረም። በ1962 በመስከረም ወር በለንደን በኢምፔሪያል ኮሌጅ መሐንዲሶች፣ የሕንፃ ንድፍ ሊቃውንትና የኢንዱስትሪ ዕቃ ንድፍ ባለሙያዎች ለሦስት ቀን ጉባኤ አድርገው፣ የንድፍን ሥራ ራሱን የምርምር ጉዳይ አድርገው ተነጋገሩበት፤ ስለ ንድፍ ዘዴዎች የሚደረገው ምርምር ልደት ከዚህ ጉባኤ ይቈጠራል። ከአዘጋጆቹ አንዱ የነበረው ክሪስቶፈር ጆንስ በማንችስተር በአንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ፋብሪካ ውስጥ የሰውና የመሣሪያ ተስማሚነት ተመራማሪ ሆኖ ሲሠራ፣ ለመሣሪያው ተጠቃሚ የሚስማማው ምን እንደ ሆነ አጥንቶ የሚያቀርበው ሐሳብ ከመሐንዲሶቹ ንድፍ ውስጥ ሳይገባ መቅረቱ እያሳዘነው፣ የንድፉ አሠራር ራሱ ካልተለወጠ ጥናት ብቻውን ከንቱ መሆኑን ተረዳ።

ጆንስ ኋላ በ1970 ባወጣው መጽሐፉ የነገሩን ሥር እስከ ጥንት ድረስ ተከትሎታል። በጥንት ዘመን ዕቃውን የሚያስበውና ዕቃውን የሚሠራው ሰው አንድ ስለ ነበር ሐልዮና ገቢር አይለያዩም ነበር፤ የእርሻን መሣሪያ ወይም የጋሪን መንኰራኵር ቅርጽ ያወጣው ማን እንደ ሆነ ማንም አያውቅም፤ ልጅ ካባቱ የተቀበለውን እያየ፣ የተሰበረበትን ቦታ በሚቀጥለው ጊዜ እያጠነከረ፣ ያስቸገረውን እየቀነሰ፣ ስሕተቱ ሁሉ በብዙ ትውልድ ውስጥ በቀስታ ሲታረም ኖረ። የንድፍ ወረቀት ሲመጣ ግን አሳቢው ከሠሪው ተለየ፤ የትውልድ ሥራ የነበረው እርማት በአንድ ጠረጴዛ ላይ በጥቂት ሳምንት የሚፈጸም ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ መሣሪያው ሁሉ በአንድ ሰው አእምሮ የማይያዝ እየሆነ ስለ መጣ፣ አሳቢዎቹ ራሳቸው ብዙ ሆነው አንዱ የሚያስበውን ሌላው የማያውቅበት ዘመን ደረሰ። እንግዲህ አባት ለልጅ የሚያስተላልፈው ልማድ ካልበቃ፣ የአንድ ሊቅ ተሰጥዎም ካልበቃ፣ በእነርሱ ቦታ የሚተካው ምንድን ነው? የጉባኤው ሰዎች ሥርዓት ነው አሉ፤ አስቀድሞ ጥያቄውን መተንተን፣ ቀጥሎ መፍትሔዎቹን ማቀናበር፣ በመጨረሻም መመዘን።

ጀርመኖች ይህን ሐሳብ እንደ ጠባያቸው እስከ መጨረሻው ወሰዱት። በዳርምሽታት ያስተምሩ የነበሩት ገርሃርት ፓልና በበርሊን ያስተምሩ የነበሩት ቮልፍጋንግ ባይትስ በ1977 ያወጡት የምሕንድስና ንድፍ መጽሐፍ እስከ ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይነበባል፤ መሠረተ ሐሳቡም ከቅርጽ በፊት ግብር ይቅደም የሚል ነው። እህል የሚፈጭ መሣሪያ የታዘዘ መሐንዲስ ወፍጮ ለመሳል ከመቸኰሉ በፊት መሣሪያው ምን ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ ይጽፋል፤ ኃይል ማግኘት አለበት፣ እህሉን ማድቀቅ አለበት፣ ዱቄቱን ከገለባው መለየት አለበት። ቀጥሎም ለእያንዳንዱ ግብር ሊሆኑ የሚችሉትን መንገዶች ሁሉ ጐን ለጐን ይዘረዝራል፤ ለኃይሉ የሰው ክንድ፣ እንስሳ፣ ውኃ፣ ነዳጅ፣ ኤሌክትሪክ እያለ አምስት ቢያገኝ፣ ለማድቀቁ አራት፣ ለመለየቱ ሦስት ቢያገኝ፣ እነዚህ እርስ በርሳቸው ሲጣመሩ 60 ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ይሆናሉ ማለት ነው። ይህን ዓይነቱን ሠንጠረዥ አስቀድሞ ያስፋፋው ፍሪትስ ትስቪኪ የተባለው በካሊፎርኒያ ይኖር የነበረ የስዊስ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው። የእኛ የመጻሕፍት መምህር አንዱን ንባብ «አንድም» እያለ ሁሉንም ትርጓሜ ሳያወርድ ወደሚቀጥለው ንባብ እንደማይሻገር፣ እንዲሁ ይህ ሠንጠረዥ መሐንዲሱ መጀመሪያ የመጣለትን ሐሳብ ይዞ እንዳይሮጥ ያግደዋል። ከ60ዎቹ አብዛኞቹ የማይረቡ መሆናቸው አይካድም፤ ቢሆንም የማይረቡበትን ምክንያት ለመናገር መገደድ ራሱ ትምህርት ነው። የጀርመን መሐንዲሶች ማኅበርም በ1986 ይህን ሥርዓት የሚመስል ቁጥሩ 2221 የሆነ መመሪያ አወጣ።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን በሶቪየት ኅብረት የሆነው ነው። በ1926 በታሽከንት ተወልዶ በባኩ ያደገው ጌንሪህ አልትሹለር፣ በባሕር ኃይል ውስጥ የፈጠራ ማመልከቻዎችን የመመርመር ሥራ ተሰጥቶት ሳለ፣ ሰዎች ያመጡትን ፈጠራ ሁሉ እየተመለከተ፣ መስካቸው ምንም ቢለያይ መፍትሔዎቹ እየተመላለሱ አንድ መሆናቸውን አስተዋለ። ፈጠራ እንደ ነፋስ ወደ ወደደው የሚነፍስ ነገር ሳይሆን የሚማሩት ነገር ነው ብሎ በማመኑም፣ በ1948 ከጓደኛው ከራፋኤል ሻፒሮ ጋር ሆኖ በአገሩ የፈጠራ ሥራ በምን ያህል ድንቁርና እንደተያዘ የሚያስረዳ ደብዳቤ ለስታሊን ጻፈ። የደብዳቤው መልስ እስራት ነበር፤ በ1950 ተይዞ 25 ዓመት ተፈረደበትና በሰሜን ዋልታ ክበብ ውስጥ ወዳለው ወደ ቮርኩታ የግዞት ሰፈር ተላከ። ስታሊን ሞቶ በ1954 ሲፈታ ሐሳቡን አልተወም፤ ሁለቱ ጓደኛሞች በ1956 የመጀመሪያውን ጽሑፋቸውን በአንድ የሥነ ልቡና መጽሔት አወጡ፤ ኑሮውንም ጌንሪህ አልቶቭ በሚል የብዕር ስም የሳይንስ ልብ ወለድ እየጻፈ ይገፋ ነበር። ትሪዝ በሚል አጭር ስም የሚጠራው ትምህርቱ 40 የፈጠራ መርሖችን ይዟል፤ ነገሩን ከፋፍለው፣ አስቀድመህ አዘጋጀው፣ ገልብጠህ አድርገው፣ አንዱን በሌላው ውስጥ አስገባው የሚሉት ከእነዚያ ውስጥ ናቸው።

የአልትሹለር ትምህርት ማዕከሉ ተቃርኖ ነው። ተራ መሐንዲስ ሁለት ተቃራኒ ፈቃዶች ሲገጥሙት መካከለኛውን ይመርጣል፤ አልጋው ለበሽተኛው ዝቅ፣ ለነርሷ ከፍ ማለት ያለበት ከሆነ እኩሌታውን ወስዶ ለሁለቱም የማይመች አልጋ ይሠራል። አልትሹለር ግን እውነተኛ ፈጠራ ሁለቱንም ፈቃድ ሳይቀንስ የሚፈጽም ነው ይላል፤ ለዚህም ከሚያስተምራቸው መንገዶች አንዱ ተቃራኒዎቹን በጊዜ መለየት ነው። አልጋው በሽተኛው ሲነሣ ዝቅ፣ ነርሷ ስትሠራ ከፍ ይበል። አርቸርና ባልደረቦቹ በለንደን እዚሁ ነጥብ ላይ የደረሱት የነርሷንና የበሽተኛውን ሥራ እያዩ ነው፤ አልትሹለር ደግሞ የሌሎችን ሰዎች ፈጠራ እየመረመረ ደረሰበት፤ ለእኔ ይህ መገናኘት ከሁለቱም መጻሕፍት ይልቅ ትምህርቱ እውነት መሆኑን ያሳምነኛል።

በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያስተማሩት ትውልደ ኮሪያዊው ናም ሱህ ደግሞ በ1990 ባወጡት መጽሐፍ ነገሩን ወደ ጥቂት መሠረታዊ ሕጎች ለመጠቅለል ሞክረዋል። የሚሰጡት ምሳሌ ለማንም ይገባል፤ አንዱ ቁልፍ ለሙቅ፣ አንዱ ለቀዝቃዛ ውኃ የሆነ የመታጠቢያ ቧንቧ የከፈተ ሰው ውኃው በዛብኝ ብሎ አንዱን ቢያጠብብ ሙቀቱ ይለወጥበታል፣ ሙቀቱን ላስተካክል ሲል ደግሞ ውኃው ያንስበታል። ሰውየው የሚፈልገው ሁለት ነገር፣ መጠንና ሙቀት ሲሆን፣ የተሰጡት ሁለት ቁልፎች ግን እያንዳንዳቸው ሁለቱንም ስለሚነኩ ነው የሚቸገረው። ወደ ላይ ሲነሣ መጠኑን ብቻ፣ ወደ ጐን ሲዞር ሙቀቱን ብቻ የሚለውጠው ባለ አንድ እጀታ ቧንቧ ይህን ችግር አስወገደ። እያንዳንዱ ፈቃድ የራሱ መሪ ይኑረው፣ አንዱም በሌላው ሥራ አይግባ የሚለው ሕግ ከዚህ የወጣ ነው።

እስካሁን የተነገረውን የሰማ ሰው ሥርዓቱ አሸንፎ መሐንዲሱ ሁሉ በሠንጠረዥ የሚያስብ ሆነ ብሎ ይገምት ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አልሆነም። በካምብሪጅ ሒሳብ ተምሮ በሃርቫርድ የሕንፃ ንድፍ ዶክተር የሆነው ክሪስቶፈር አሌክሳንደር፣ በ1964 ባወጣው መጽሐፍ አንድ የህንድ መንደር ሊያሟላቸው የሚገቡትን 141 ፈቃዶች ዘርዝሮ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጋጭ ለይቶ፣ በሒሳብ ወደ ንዑሳን ክፍሎች ከፋፍሎ በማሳየቱ የንድፍ ዘዴዎች እንቅስቃሴ ታላቅ አብነት ሆኖ ሳለ፣ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ በ1971 የንድፍ ዘዴ የሚባለውን ነገር ሁሉ እንደ ተወው በይፋ ተናገረ። ጆንስም እንዲሁ ሰውን ወደ መሣሪያነት የሚለውጥ ቋንቋ ሆኗል ብሎ ካስጀመረው እንቅስቃሴ ራቀ። በበርክሌይ ያስተምሩ የነበሩት ሆርስት ሪትልና ሜልቪን ዌበር በ1973 ባወጡት ጽሑፍ ምክንያቱን ከሁሉ አብልጠው አስረዱ፤ በሰውና በሰው መካከል የሚገባ ጥያቄ መጀመሪያ ተተንትኖ ቀጥሎ የሚፈታ አይደለም፣ ምክንያቱም ጥያቄው ምን እንደ ሆነ በትክክል የሚታወቀው መፍትሔ ሲሞከርበት ነውና። አንድ ጊዜ የተሞከረ መፍትሔም ነገሩን ለውጦ ስለሚያልፍ እንደገና ከመጀመሪያው መነሣት አይቻልም።

ከዚህ በኋላ ምርምሩ አቅጣጫውን ለወጠ፤ መሐንዲስ እንዴት ማሰብ እንዳለበት ከማዘዝ ይልቅ፣ እንዴት እንደሚያስብ ቁጭ ብሎ ማየት ተጀመረ። ብራያን ላውሰን የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1979 ባሳተመው ሙከራ፣ የሕንፃ ንድፍና የሳይንስ ተማሪዎችን ባለ ቀለም ቁርጥራጭ እንጨቶች ሰጥቶ፣ የውጭው ገጽ የተባለው ቀለም በተቻለ መጠን እንዲበዛበት አድርገው እንዲደረድሯቸው አዘዛቸው፤ ከዚህም ጋር የትኞቹ እንጨቶች አብረው መግባት እንዳለባቸው የሚወስን ያልተነገራቸው አንድ ሕግ ነበረ። የሳይንስ ተማሪዎቹ የተሰወረው ሕግ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ እንጨቶቹን በዘዴ እየለዋወጡ ሲፈትኑ፣ የሕንፃ ንድፍ ተማሪዎቹ ግን ደስ ያላቸውን አደራደር ሠርተው «ይህስ?» እያሉ ማቅረብ ጀመሩ፤ ካልሆነም ሌላ ሠርተው ያቀርባሉ። ለእነርሱ መልሱ ራሱ የመጠየቂያ መንገድ ነበር። ሪትልና ዌበር በሐሳብ የተናገሩት ነገር እዚህ በተማሪ እጅ ላይ ታየ።

ይህ ጠባይ ግን አደጋ አለበት። በ1991 ዴቪድ ጃንሰንና ስቲቨን ስሚዝ የተባሉ የቴክሳስ ተመራማሪዎች የምሕንድስና ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ቡና የማይፈስበት ርካሽ ኩባያ እንዲነድፉ አዘዟቸው። ለአንደኛው ወገን ጥያቄው ብቻ ተሰጠው፤ ለሁለተኛው ወገን ግን ከጥያቄው ጋር መምጠጫ ያለበት አንድ ምሳሌ በሥዕል ቀረበለትና፣ መምጠጫም ሆነ በአፍ የሚያዝ ጫፍ እንዳይጠቀም በግልጽ ተጻፈለት። ምሳሌውን ያዩት ተማሪዎች ከልካዩ ትእዛዝ እያለ፣ ምሳሌውን ካላዩት ይልቅ አብዝተው መምጠጫ እየሳሉ አቀረቡ። ብስክሌት በመኪና ላይ የሚጫንበትን መደርደሪያና ዓይነ ስውር የሚሰፍርበትን መስፈሪያ ሲነድፉም ያው ሆነ፤ ልምድ ያላቸው መሐንዲሶችም ከዚህ እስራት አላመለጡም። የሰው ሕሊና አንድ ጊዜ ያየውን ቅርጽ፣ አትከተለው እየተባለ እንኳ ይከተለዋል። የጀርመኖቹ ሠንጠረዥና የአልትሹለር 40 መርሖች ጥቅማቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሐሳብ ያፈልቃሉ ተብሎ የተነገረላቸው ቢጋነንም፣ መጀመሪያ የያዘንን ሐሳብ ያስለቅቁናል።

ፋብሪካዎቹ ከዚህ ሁሉ የተቀበሉት ጥቂቱን ነው፤ ዘዴዎቹ ጊዜ ይበላሉ፣ ባለሙያውም አለቃው ቀን ቈርጦበት ሳለ ሠንጠረዥ ለመሙላት ትዕግሥት የለውም እየተባለ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በየጉባኤያቸው ያማርራሉ። ጃፓኖች ግን በ1970ዎቹ ዓመታት በኮቤ የመርከብ መሥሪያ ቦታ የደንበኛን ፈቃድ በአንድ ወገን፣ የመሐንዲስን መለኪያ በሌላ ወገን ጽፎ የሚያገናኘውን ሠንጠረዥ በሥራ ላይ አውለው ለቀረው ዓለም አስተማሩ፤ ለዚህም ምክንያቱ ሠንጠረዡ ሻጩንና ሠሪውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስላስቀመጣቸው ይመስላል።

ጥያቄ በትክክል የሚታወቀው መፍትሔ ሲሞከርበት ነው ለሚለው ነገር ደግሞ የእኛው አገር አንድ የእርሻ መሣሪያ ይመሰክራል። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ መሬት ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ስለሚቋጥር ገበሬው ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ ዘግይቶ ይዘራል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ግን ሴቶችና ልጆች አፈሩን በእጃቸው እየሰበሰቡ መደብ እየሠሩ፣ በመደቦቹ መካከል ውኃው የሚወርድበት ቦይ ማበጀትን ከጥንት ያውቁበት ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ የነበረው ኢልካ የተባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከአገር ውስጥ መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ ይህን የእጅ ሥራ በበሬ ለማሠራት ተነሣ። ተመራማሪዎቹ ከውጭ አዲስ ማረሻ ከማምጣት ይልቅ ገበሬው የሚያውቀውን የአገሩን ማረሻ ወስደው፣ ሁለት ማረሻዎችን ጐን ለጐን አያይዘው፣ አፈሩን የሚሰበስብ ክንፍ ጨምረውበት፣ አንድ ጥማድ በሬ የሚስበው፣ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ፤ በግብርና ሠራተኞች ዘንድ ቢቢኤም የሚባለው ይህ ነው። ተሰብሮ ቢያስቸግር የመንደሩ ቀጥቃጭ የሚጠግነው፣ እርፉን ለመጨበጥም አዲስ ትምህርት የማያስፈልገው መሆኑ ታላቅ አስተዋይነት ነበር።

ገበሬዎቹ በማሳቸው ሲሞክሩት ግን ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛው መሣሪያው ከበደን የሚል ነበርና ይህ የመሐንዲስ ጉዳይ ስለሆነ ቀለል ያለ ተሠራ። ሁለተኛው በወረቀት ላይ ያልነበረ ነው፤ በቦዩ የወረደው ውኃ ከማሳዬ ወጥቶ የሚገባው ከጎረቤቴ ማሳ ነው አሉ። መሣሪያው የታዘዘውን በሚገባ ፈጽሟል፤ የፈጸመውም ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላ ሆነ። የውኃ መውረጃው በየማሳው ሳይሆን ለመንደሩ በጠቅላላ የሚታሰብ ነገር ስለሆነ፣ አንዱ ገበሬ ብቻውን ቢቢኤም ቢገዛ አይበጀውም፤ ከላይ እስከ ታች ያሉት ባለ መሬቶች ዋናው ቦይ በማን ድንበር እንደሚያልፍና በየዓመቱ ማን እንደሚጠርገው ከክረምቱ በፊት ተሰብስበው መስማማት ይኖርባቸዋል።